ማተቡን ሳይበጥስ ያመነውን ማን ይከለክለዋል?



በአገልጋዮች መካከል ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። በእኛ በእነዋሪ ይነሣል፣ በደነባ ይነሣል፣ ደብረ ብርሃን ላይማ ከጸሎት በኋላ ሻይ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚነሣው እርሱ ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ ኢየሱስ ክርስቶስን የግል አዳኙ አድርጎ የተቀበለ፣ ነገር ግን ማተቡን ያልበጠሰ፣ ረቡዕና ዓርብን የሚጾም፣ እሑድ ጠዋት አሁንም ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ድኗል ወይስ አልዳነም?

ብዙዎች ሳያመነቱ «አልዳነም» ይላሉ። ትንሽ ለስለስ ያሉት ደግሞ «ገና ነው፣ ወስኖ ሲወጣ እናየዋለን» ይላሉ። እኛ ግን ሁለቱም መልሶች ከቅዱስ ቃሉ የተገኙ አይደሉም፣ ከራሳችን ወግ የወጡ ናቸው እንላለን። ወንጌላውያን ወግ የላቸውም ብሎ የሚያስብ ካለ ይህን ጥያቄ በአንድ ስብሰባ ላይ ያንሣና ይሞክረው።

አስቀድመን ስለ ማን እንደምንናገር እንግለጽ። ቤይሩት ወይም ጅዳ በሰው ቤት ስትሠራ ከአገሯ ልጆች ጋር ወንጌል አንብባ ያመነች፣ ማተቧን እንዳሰረች ወደ እናቷ ቤት የተመለሰች እህት አለች። ዳዊቱን በቃሉ የሚያውቅ፣ የሮሜን መልእክት በሚገባው አማርኛ ካነበበ በኋላ ግን እንቅልፍ ያጣ ዲያቆን አለ። በሬውን ጠምዶ፣ ስልኩን ደረት ኪሱ አስገብቶ፣ የዮሐንስን ወንጌል በድምፅ እያዳመጠ የሚያርስ ገበሬ አለ። እነዚህን ማንም አልላከባቸውም። የእኛ የወንጌል ሥርጭት ቡድን አልደረሰባቸውም፣ የኮንፈረንሳችን ድምፅ ማጉያም አልጠራቸውም። እግዚአብሔር በራሱ መንገድ ደረሰባቸው። አንዳንዶቹ እንደ ኒቆዲሞስ በማታ ወደ እኛ ይመጣሉ፤ ይጠይቃሉ፣ አብረውን ይጸልያሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ጎሕ ሳይቀድ ይመለሳሉ። እኛ ታዲያ ደስ ሊለን ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ይህን ክር መቼ ነው የምትበጥሰው?» ይሆናል።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10ን ሁላችን ሰብከንበታል። ጴጥሮስ በበዓለ ኀምሳ የሰበከ፣ ሽባ ያስነሣ፣ ሙት ያስነሣ ሰው ነው። ያም ሆኖ እግዚአብሔር አንድን ያልተገረዘ መቶ አለቃ እንዲቀበል ለማድረግ ሦስት ጊዜ ራእይ ማሳየት አስፈልጎታል። ቆርኔሌዎስ ቤት ሲደርስም ስብከቱን እስኪጨርስ እንኳ አልተጠበቀም፤ መንፈስ ቅዱስ ገና ሲናገር ወረደ። ከጴጥሮስ ጋር የመጡት አይሁድ የተገረሙት ሰዎቹ በማመናቸው አይመስለንም። የተገረሙት ሳይገረዙ፣ ልብሳቸውን ሳይለውጡ፣ ማዕዳቸውን ሳይለውጡ፣ እንዳሉ በመቀበላቸው ነው። ኢየሩሳሌም ሲመለስ ደግሞ ክሱ ምን ነበር? ለምን ሰበክህ አላሉትም። ለምን አብረህ በላህ ነው ያሉት (ሐዋ. 11፥3)። ጉዳዩ ምዕራፍ 15 ድረስ ተጎትቶ ጉባኤ አስጠራ፤ ካልተገረዙ አይድኑም የሚሉ ወንድሞች ተነሡ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንድታስተውሉ እንለምናለን። ካልተገረዙ አይድኑም ያሉት ሰዎች ጥቅስ ነበራቸው! ዘፍጥረት 17 በእጃቸው ነበረ። እግዚአብሔር ራሱ ለአብርሃም ያዘዘው ነገር ነው። እንደዚያም ሆኖ ጉባኤው ቀንበሩን በአሕዛብ አንገት ላይ አንጭንም ብሎ ወሰነ። ዛሬ ካልበጠሰ አልዳነም የሚለው ወንድማችን ግን የሚጠቅሰው ዘፍጥረት 17 የለውም። ክር መበጠስን ያዘዘ ነቢይ የለም፣ ሐዋርያም የለም። የኢየሩሳሌሞቹ ማሰርን ጠየቁ፣ የእኛዎቹ መፍታትን ይጠይቃሉ፤ ሁለቱም በክርስቶስ ላይ አንድ ነገር ይጨምራሉ። ልዩነቱ የኢየሩሳሌሞቹ ቢያንስ መጽሐፍ ገልጠው መከራከራቸው ነው።

ማተብ ራሱ ምን ይናገራል? ቃሉ ግእዝ ነው፤ ዐተበ፣ በመስቀል ምልክት አማተበ ከሚለው የመጣ፣ ምልክት ማለት ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ በአንገት ይታሰራል። በአማርኛችን «ማተብ ያለው» ስንል የታመነ፣ ቃሉን የሚጠብቅ ማለታችን ነው። «ማተቡን የበጠሰ» ስንል ክርስቶስን የካደ ማለት ነው። ይህን ቋንቋ እኛ አልፈጠርነውም፣ ልንሽረውም አንችልም። እንግዲህ አንዲት ልጅ ማተቧን በጥሳ እናቷ ፊት ስትቆም እናቲቱ የምትሰማው ምንድን ነው? «በክርስቶስ ብቻ አመንኩ» የሚለውን አትሰማም። «ክርስቶስን ካድኩ» የሚለውን ነው የምትሰማው። ልጅቷ ወንጌልን ልትመሰክር ሄዳ ክህደትን መሰከረች። ይህን ያስተማርናት አገልጋዮች ነን፤ ከዚያም እናቲቱ ስታለቅስ «ለወንጌል የተሰደደች» ብለን በመድረክ እናወጣታለን።

የጾሙም ነገር ያው ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሆን ብለው ሥጋ የሚበሉ፣ ዓርብ ቀን በሰው ፊት መብላትን የነጻነት ምስክርነት ያደረጉ ወጣቶች አሉ። የጅሩ ሰንጋ ለፋሲካም ይደርሳል፤ ምን ያስቸኩላል? ሮሜ 14ን ያነበበ ሰው ጳውሎስ ስለ መብልና ስለ ቀናት የጻፈው ይህንኑ እንደሆነ ያውቃል። የሚበላው የማይበላውን አይናቀው፣ የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ የሚል ነው አሳቡ። እኛ የምንወደው የሁለተኛውን ወገን ግዴታ መናገር ነው።

«ታዲያ ከመካከላቸው ውጡ የሚለውስ?» ትሉናላችሁ። 2ኛ ቆሮንቶስ 6ን እናውቀዋለን። ጳውሎስ እዚያ የሚናገረው ስለ ጣዖት ቤትና ከማያምኑ ጋር ስለ መጠመድ ነው። ይህን ቃል የሥላሴ ስም በሚጠራበት፣ ወንጌል በሚነበብበት ደጅ ላይ እንዲሁ ማዋል ለመጽሐፉም ለጎረቤታችንም አክብሮት ማጣት ነው። ይልቁን 2ኛ ነገሥት 5ን አንብቡ። ሶርያዊው ንዕማን ከለምጹ ነጽቶ፣ ከእግዚአብሔር በቀር ለሌላ አምላክ አልሠዋም ብሎ ማለ። ወዲያው ግን አንድ የጨነቀውን ነገር አነሣ፤ ጌታው በሬሞን ቤት ሲሰግድ እጁን ተደግፎ ስለሆነ እርሱም አብሮ ማጎንበሱ አይቀርም። ኤልሳዕ ምን አለው? ሥራህን ልቀቅ አላለውም። በሰላም ሂድ አለው። ይህ የጣዖት ቤት ነው፤ ነቢዩ ግን አዲስ አማኝን እንዴት እንደሚይዙ ያውቅ ነበር። ለጣዖት ቤት ይህን ያህል ትዕግሥት ካለ፣ የክርስቶስ ስም ለሚጠራበት ቤት ስንት ጊዜ እጥፍ ሊሆን ይገባል?

በዚህ ንግግራችን የተደበቀ ነገር የለም፤ በግልጽ እንናገር። በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው መካከለኛ አንድ ነው፣ እርሱም ሰው የሆነው ክርስቶስ ኢየሱስ ነው (1ኛ ጢሞ. 2፥5)። በዚህ አንደራደርም። ወደ እኛ የሚመጣው ዲያቆንም ይህን ከእኛ አፍ በግልጽ ይሰማል። ነገር ግን ልባችን ላይ ያለውን መካከለኛ መተውና አንገት ላይ ያለውን ክር መፍታት አንድ ነገር አይደሉም። የመጀመሪያውን መንፈስ ቅዱስ በቃሉ ይሠራዋል፣ አንዳንዴ በአንድ ሌሊት፣ አንዳንዴ በዓመታት። ሁለተኛውን መቀስ ይሠራዋል።

ደግሞም አንዳንድ ወንድሞች እንደሚያደርጉት ሰውን አሠልጥኖ፣ ማስክ አልብሶ ወደ ሌላው ቤተ ክርስቲያን መላክን እንቃወማለን። ይህ ውሸት ነው፤ እውነትን በውሸት እግር ማስኬድ አይቻልም። የኦርቶዶክስ ወገኖቻችን «ሰርጎ ገብ» ብለው ሲቆጡ ለቁጣቸው ምክንያት የሚሆን ነገር ሲኖር ቁጣቸው ተገቢ ነው። እኛ የምንናገረው ማንም ሳይልካቸው በእናታቸው ቤት ሳሉ እግዚአብሔር ስላገኛቸው ሰዎች ነው።

አሁን ወደ ታሪክ እንምጣ፤ ታሪክ የሌለን ይመስል የምንናገርበት ጊዜ በዝቷልና።

በእጃችሁ ያለውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ማን ተረጎመው? በአማርኛ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1840 ነው። ተርጓሚው ከጎጃም የወጣ፣ ካይሮ ተቀምጦ ለዓመታት የደከመ አባ አብርሃም የሚባል፣ አቡ ሩሚ በመባል የሚታወቅ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነበረ። ብዙዎቻችን የዳንበትና የምንሰብክበት የ1954 ዓ.ም. ትርጉምም በዋናነት የኦርቶዶክስ ሊቃውንት ድካም ነው። ማተብ ባሰሩ፣ በሚጾሙ ሰዎች እጅ በተተረጎመ መጽሐፍ ላይ ቆመን ማተብ ያሰረ አይድንም ስንል የምንጋልበውን ፈረስ እንደ መርገጥ ነው።

በእኛው በሰሜን ሸዋ ሌላም ታሪክ አለ። የጀርመኑ ሚስዮናዊ ክራፍ እ.ኤ.አ. በ1839 አንኮበር ሲደርስ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግቢ ሲቀመጥ፣ የላከው ማኅበር አሳብ አዲስ ቤተ ክርስቲያን መክፈት አልነበረም። ጥንታዊቱ ቤተ ክርስቲያን በቃሉ እንድትታደስ ነበር። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1842 ሸዋን ለቅቆ መመለሻ አጣ፤ በፖለቲካም በሌላም ምክንያት ነገሩ ሳይሆን ቀረ። የመጀመሪያው አሳብ ግን ከዛሬዎቹ መቀስ ያዦች የበለጠ ማስተዋል ነበረው ብንል አንሳሳትም።

ከዚያም እጅግ ቀደም ብሎ፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ ነበሩ። የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ገድላቸውን ወደ አማርኛ መልሰው ካሳተሙት ወዲህ ስማቸው በእኛ መድረኮች ላይ በዝቷል። ለሥላሴ ካልሆነ አንሰግድም ብለው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እጅ የተሠቃዩ መነኮሳት ናቸው። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችበት ብርሃን በሰማይ የታየው እነርሱ በድንጋይ ከተወገሩ ከ38 ቀን በኋላ እንደሆነ ይተረካል። ንጉሡ ብርሃኑን እግዚአብሔር በፍርዱ የመደሰቱ ምልክት አድርጎ ቆጠረው። እንግዲህ አስቡት፤ ስብከት ለማሳመር «ከሉተር በፊት የነበሩ የእኛ አባቶች» እያልን የምንጠራቸው እነዚህ ሰዎች መነኮሳት ነበሩ። ቆብ ነበራቸው፣ ጾማቸው ከሌላው ገዳም ይጠብቅ እንደሆነ እንጂ አይላላም። ዛሬ ከመካከላቸው አንዱ ቆቡን እንዳደረገ እሑድ ወደ አዳራሻችን ቢገባ፣ ምስክርነት ከመስጠቱ በፊት ምን እንደምንጠይቀው ታውቃላችሁ። የሞተ ሰማዕት ማክበር ቀላል ነው፤ ቆብ የለበሰ ሕያው ሰው አጠገብ መቀመጥ ነው የከበደው።

ከሩቁ ታሪክ ይልቅ የሚያስደንቀን የራሳችን የቅርብ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተማሪዎች መካከል የመንፈስ ቅዱስ እሳት ሲነሣ፣ ጮክ ብለው ሲጸልዩ፣ ሲያጨበጭቡ፣ በልሳን ሲናገሩ፣ የተጠራጠራቸው መንግሥትና ጥንታዊቱ ቤተ ክርስቲያን ብቻ አልነበሩም። በሚስዮን የተተከሉት አብያተ ክርስቲያናትም ግራ ተጋብተው ነበር፤ ሥርዓት የለውም፣ ስሜት ነው፣ የሕፃናት ነገር ነው ተብሏል። ሙሉ ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1967 ለመመዝገብ ያቀረበችው ጥያቄ ተከለከለ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ እሑድ ከ200 የሚበልጡ አማኞች ከአምልኮ ላይ ተይዘው ታሰሩ። መካነ ኢየሱስ ግን ጊዜ ወስዳ ነገሩን መረመረችና ወጣቶቿን ሳታባርር በውስጧ ስፍራ ሰጠቻቸው። ዛሬ ያ «ሥርዓት የለውም» የተባለው አምልኮ የሁላችን አምልኮ ሆኗል። እንዲያውም ጸጥ ብሎ የሚጸልይ ሰው ነው አሁን የሚያጠራጥረን።

ደርግስ? መሠረተ ክርስቶስ በጥር 1974 ዓ.ም. ተዘጋች፤ ሕንፃዎቿ ተወረሱ፣ መሪዎቿ ታሰሩ። ያን ጊዜ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. ከስውር ስትወጣ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ያ ሁሉ የተሠራው ያለ ሕንፃ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ አምስትና ስድስት ሆኖ በጓዳ በመሰብሰብ፣ በእናቶች ትከሻ ላይ ነው። በዚያ ዘመን እምነቱን በአደባባይ ያላወጀ ሰው ፈሪ አልተባለም። በሩን ዘግቶ የሚጸልይ ቤተሰብ የቤተ ክርስቲያን አምድ ነበረ። ለዘጠኝ ዓመታት በስውር የኖረች፣ በስውርነቷ ያደገች ቤተ ክርስቲያን ልጆች ሆነን ዛሬ በማታ የሚመጣውን ገበሬ «ቆራጥ ያልሆነ» ብለን ስንሰብክበት እናቶቻችን ምን ይሉን ይሆን?

ቆራጥነት ስለሚጠይቀው ዋጋም እንናገር፤ ዋጋውን የሚከፍለው ሰባኪው አይደለምና። የአገራችን መሬት ጥቁር አፈር ነው፤ ውሃ ይዞ ይቆያል። ክረምት ሲገባ ውሃው እንዲወርድ መደብና ቦይ የሚወጣው በእጅ ነው፣ ቤተሰብና ጎረቤት ሁሉ ወርዶ። ማተቡን የበጠሰ ሰው ወንፈል ማን ይወጣለታል? ከእድሩ ይወጣል፣ ከማኅበሩ ይወጣል፣ የልጁ ጋብቻ ይፈርሳል። ሲሞት የት እንደሚቀበር እንኳ አይታወቅም፤ የአማኝ አስከሬን መቀበሪያ አጥቶ የተንከራተተበት ታሪክ በአገራችን ብዙ ነው። ወንጌል ራሱ ይህን ዋጋ የሚጠይቅበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን ጌታ ጸጋውን ይሰጣል። ብዙዎች ከፍለውታል፣ እየከፈሉም ነው፤ ከቤታቸው የተባረሩትን፣ ሕሊናቸው አላስቀምጥ ብሏቸው የወጡትንም በሁለት እጃችን እንቀበላለን። ነገር ግን ጌታ ያልጠየቀውን ዋጋ እኛ ጠይቀን፣ ለእኛ ወግ የከፈለውን መስቀሉን ተሸከመ ብለን ልንጠራው አንችልም። ጳውሎስ እያንዳንዱ በተጠራበት ኑሮ በእግዚአብሔር ፊት ይኑር ብሎ ያስተማረው (1ኛ ቆሮ. 7) ይህን የመሰለውን ነገር አይቶ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ከጀርባው ያለው ነገር ሌላ ይመስለናል። ማርቆስ 9 ላይ ዮሐንስ ወደ ጌታ ቀርቦ በስምህ አጋንንት የሚያወጣ ሰው አይተን ከለከልነው ይላል። ምክንያቱን ራሱ ይናገራል፤ ሰውየው እነርሱን ስለማይከተል ነው። ኢየሱስን ስለማይከተል አላለም! የዓመቱ ሪፖርት ሲቀርብ «አዲስ አማኞች» የሚል ዓምድ አለ፤ በማታ መጥቶ በማታ የሚመለሰው ገበሬ እዚያ ዓምድ ውስጥ አይገባም። የእኛን መዘምራን አይቀላቀልም፣ የእኛን አሥራት መዝገብ አይፈርምም። እግዚአብሔር በእኛ መዝገብ ውስጥ ሳያልፍ ሰው ሊያድን መቻሉ ነው ለአንዳንዶቻችን ያልተዋጠልን።

«ጥምቀቱስ?» የሚል ይኖራል፤ ከባድ ጥያቄ ነው፣ አናልፈውም። ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው በዚህ አይስማሙም። መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ታጠምቃለች፤ ቃለ ሕይወት፣ ሙሉ ወንጌልና መሠረተ ክርስቶስ አምኖ የሚጠመቀውን ብቻ ያጠምቃሉ። በዚህ ልዩነት ላይ ግን በአንድ ኅብረት ተቀምጠን ወንድም፣ እህት እንባባላለን። ጥምቀትን በሚያህል ነገር ተለያይተን ወንድማማቾች መሆን ከቻልን በክር የተነሣ ወንድምነትን መንፈግ ከየት መጣ? ጊዜው ሲደርስ ራሱ ቃሉን አንብቦ ይጠይቃል። ሲጠይቅ እንመልሳለን።

ደግሞም ጴጥሮስ ከዚያ ሁሉ ራእይ በኋላ አንጾኪያ ላይ መልሶ ከአሕዛብ ማዕድ ሸሽቷል፤ ጳውሎስ ፊት ለፊት ነው የተቃወመው (ገላ. 2)። ወግ አንድ ጊዜ ተሸንፎ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብበው «ይህማ የታወቀ ነው» የሚሉ አገልጋዮችም በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አፋቸውን እንዲከፍቱ እንፈልጋለን።

ሁዳዴ ሲገባ በማታ በራችሁን የሚያንኳኳ ሰው ካለ ጾሙን እንዲያስፈታ የሚያደርግ ማዕድ አታቅርቡለት፤ ሽሮ ይበቃል። የዮሐንስን ወንጌል ከመጀመሪያው ጀምራችሁ አብራችሁት አንብቡ። ስለ ጻድቃንና ስለ ምልጃ ከጠየቃችሁ የምታምኑትን ሳትሸሽጉ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ሳትሰድቡ መልሱለት። ስለ አንገቱ ክር እርሱ ካላነሣ እናንተ አታንሡ። ስሙንም ለሪፖርት አትጻፉ።